ለፋሲካ ሌሊት የሚሆን ስስ የሱፍ ሻርፕ፦ ጥያቄና መልስ

በፋሲካ ሌሊት ከነጠላዬ ሥር የደረብኩትን በሹራብ መርፌ የተሠራ ባለ ቀዳዳ ነጭ ሻርፕ አይታችሁ እንዴት እንደሠራሁት ጠይቃችሁኛል። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በሚያዝያ ቀኑ ይሞቅና ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ነጠላ ብቻውን አይችለውም፣ ካፖርት ደግሞ አይመችም። እነሆ መልሴ።

ዳንቴል በኪሮሽ እሠራለሁ፤ የሹራብ መርፌ ግን ይዤ አላውቅም። ይከብደኛል?

አይከብድሽም እህቴ። እጅሽ ክር መያዝ ለምዷል፤ ዋናው እሱ ነው። መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ሜዳ (ቀዳዳ የሌለው) ሹራብ ሥሪ፣ ከዚያ ወደ ቀዳዳው እለፊ።

ቀዳዳው እንዴት ነው የሚመጣው?

ክሩን መርፌው ላይ ጣል አድርገሽ ስታልፊ አዲስ ዐይን ይፈጠራል። ዐይን የምለው መርፌው ላይ የምትቆጠረውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ነው። ከሥሯ ምንም ስለሌለ ቀዳዳ ትሆናለች። ግን አንድ ዐይን ጨመርሽ፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ሁለቱን ባንድ ይዘሽ ትቀንሻለሽ። ለአንድ ቀዳዳ አንድ መቀነስ። ይህ ከገባሽ ሌላው ቆጠራ ነው።

ንድፉንና የክሩን መጠን ይንገሩን።

በስኮትላንድ የሼትላንድ ደሴቶች የቆየ የማዕበል ንድፍ ነው። ቀጭን የሱፍ ክር፣ 100 ግራሙ 400 ሜትር የሆነ፣ ሁለት ጥቅል ግዙ። መርፌው 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። 96 ዐይን ጀምሩ። ዳርና ዳር ያሉት ሦስት ሦስት ዐይኖች ሁልጊዜ በቀጥታ (ክሩን ከመርፌው ኋላ ይዞ) ይሠራሉ።

1ኛ ረድፍ ሙሉውን ቀጥታ። 2ኛው መሐሉ በግልብጥ (ክሩን ከመርፌው ፊት ይዞ)። 3ኛው፦ ሁለቱን ባንድ ሦስት ጊዜ፤ ክር ጣል አድርጎ አንድ ቀጥታ፣ ይህን ስድስት ጊዜ፤ እንደገና ሁለቱን ባንድ ሦስት ጊዜ። ይህን 18 ዐይን አምስቴ ድገሙት። 4ኛው ሙሉውን ቀጥታ። 180 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ አራቱን ረድፎች ከ1ኛው ጀምራችሁ ደጋግሙ።

ልጄ፣ ዐይኔ ደክሟል። ብሳሳት ሁሉም ይበተንብኛል?

እማማ፣ በየ20 ረድፉ መርፌው ላይ ባሉት ዐይኖች ሁሉ ውስጥ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን የጥጥ ክር በስፌት መርፌ ያሳልፉ። ቢሳሳቱ የሚፈታው እስከዚያ ክር ድረስ ብቻ ነው። እኔም ያለሱ አልሠራም።

ጨረስኩ፤ ግን የተጨማደደ ጨርቅ መሰለኝ። ምን አጠፋሁ?

ምንም! ሳይታጠብ አትፍረጂበት። ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ በእግርሽ ጫን ጫን አድርጊው። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጊና በደንብ ወጥሪው። የማዕበሉን ጫፍ እያንዳንዱን በስፒል ያዢ። ቀዳዳዎቹ ዓይንሽ እያየ ይከፈታሉ። ይህን ቅጽበት በጣም እወደዋለሁ። ሳይደርቅ ስፒሉን አትንቀይ።

አክሪሊክ ይሆናል?

ለልምምድ ይሆናል። ግን እንደ ሱፍ ተወጥሮ አይቀርም።

ለባለቤቴ በድብቅ ሠርቼ ለሚቀጥለው ፋሲካ ልሰጣት አስቤያለሁ። መቼ ልጀምር?

ወንድሜ፣ ሁዳዴ ሲገባ ጀምር። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሰሙነ ሕማማትን ለጸሎት ተውና 45 ቀን ያዝ። በቀን 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃሃል። የሆሳዕና ዋዜማ አጥበህ ወጥረው። ግን ፎጣውን የት እንደምትዘረጋ ካሁኑ አስብበት፤ 2 ሜትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል።