ስለ ሰፈራችን ጸጥታ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ጅማ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባል ነኝ። ከማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ጋር የሚሠራው የጸጥታ ኮሚቴ ውስጥም አለሁበት። ሰሞኑን ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፖሊስ እያለ ምክር ቤቱ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ፖሊስ ሌባ ይይዛል። የተቃጠለ የመንገድ መብራት ማስቀየር ግን የእኛ ሥራ ነው። አዌቱ ወንዝ ላይ ካሉት መሻገሪያዎች በአንዱ ሲመሽ ስልክ ይነጠቅ ነበር። የቀበሌያችን ፖሊስ «ማታ አብረን ሄደን እንየው» አለን። ሄድን። አምፖሉ ተቃጥሏል። ከሥሩ የተከመረው ጣውላ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይደብቃል። ጣውላው የአንድ አናጺ ነበር፤ ብንነግረው በማግስቱ አነሳው። መብራቱ ግን በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ጽፈን ሦስት ወር ፈጀ። እስከዚያው እዚያው ቡና የምታፈላ እህታችን ከቤቷ ገመድ ስባ አምፖል ሰቀለች። የቆጣሪውን እድሩ ከፈለላት። ነጠቃው እዚያ ቦታ ላይ ቀነሰ። ሮንድ፣ ማለትም ነዋሪው በተራ የሚወጣው የሌሊት ጥበቃ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ሮንድ ከመመደባችን በፊት ቦታውን በማታ ማየት አለብን ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ሮንድ አልወጣህም ተብዬ ልቀጣ?

መልስ፦ ለቀጠናህ ተጠሪ አስቀድመህ ንገር፤ ከጎረቤት ጋር ተራ ተቀያየር። ደረሰኝ የሌለው ቅጣት ግን አትክፈል።

ጥያቄ፦ ሌባውን ለፖሊስ ብንሰጥ ነገ ይለቀቃል። እኛው ብንቀጣውስ?

መልስ፦ በፍጹም አይሆንም! እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሌባ ማንም ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ይፈቅዳል። መደብደብ ግን ራሱ ወንጀል ነው። ሕገ መንግሥቱም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። «ተለቀቀ» የምትሉት ብዙ ጊዜ በዋስ ወጥቶ ነው፤ ክሱ አልተዘጋም። የሚዘጋው ምስክር ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ያያችሁትን ሄዳችሁ ተናገሩ።

አንድ ሌሊት ሮንዳችን አንድ ልጅ ያዘ። እኔ ስደርስ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ለካ ሳምንት ያልሞላው የጎረቤታችን ተከራይ ነው፤ ተማሪ። ቁልፍ ጠፍቶበት አጥር ሲዘል ነበር ያገኙት። እናቱ ስትመጣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ተረኞቹ ሲወጡ እኔ ራሴ እየሄድኩ «እጃችሁን ሰብስቡ» እላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት ነኝ፣ ተከራይም ነኝ። ስብሰባ ላይ ማን ይሰማኛል?

መልስ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው አባወራ ነው። አንዴ ሴት ፖሊሷን ይዘን ሴቶቹ ቡና የሚጠጡበት ቤት ገባን። አዳራሽ ውስጥ ለዓመት ያልሰማነውን እዚያ ሰማን፤ ከማታ ትምህርት የሚመለሱ ልጆችን ከኋላ የሚከታተሉ ወጣቶች የትኛው ቅያስ ላይ እንደሚቆሙ ሳይቀር። አሁን በየወሩ እንሄዳለን። የአንቺ ሰፈር ካልተደረሰ ጎረቤቶችሽን ሰብስቢና ጥሪን፤ እንመጣለን።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ሚስቱን ይደበድባል። ነገሩን በሽማግሌ ብንጨርሰውስ?

መልስ፦ ሽማግሌ ለአጥርና ለብድር ጸብ ነው። ጩኸት ስትሰማ ለፖሊስ በ991 ደውል፤ ከዚያ በሩን አንኳኳ። ብቻህን ግን አትሂድ።