የዛፉ ማንነት በቅጠሉ ውስጥ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ፍሬው ከሚጣፍጥ አቮካዶ ዘር ወስጄ ሦስት ዛፍ አበቀልሁ፤ ፍሬያቸው ግን ከእናታቸውም ሆነ እርስ በርሳቸው አይመሳሰልም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። እያንዳንዱ የአቮካዶ አበባ መጀመሪያ ሴቴ፣ በኋላ ወንዴ ሆኖ ሁለት ጊዜ ስለሚከፈት፣ ብዙ ጊዜ ብናኝ የሚቀበለው ከሌላ ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዘር አዲስ ቅልቅል ይበቅላል። እናቲቱን ራሷን የፈለገ ሰው ቀንበጧን ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ያጣብቃል።

ጥያቄ፦ ዝርያን ለመለየት ቅጠሉንና ፍሬውን ማየት አይበቃም? የዲኤንኤ ጠቋሚ የሚባለውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ አይበቃም። የቅጠል ስፋትም ሆነ የፍሬ መጠን እንደ አፈሩ፣ እንደ ውኃውና እንደ ቦታው ከፍታ ይለዋወጣል፤ ፍሬ ለማየትም ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ዲኤንኤውን፣ ማለትም በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ፣ ግን ገና ከችግኙ ማንበብ ይቻላል። ባለሙያው ለጋ ቅጠል ቀጥፎ፣ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርቆ፣ ፈጭቶ ዲኤንኤውን ያወጣል። ዲኤንኤ በአራት «ፊደላት» የተጻፈ ሲሆን፣ በአንዳንድ ስፍራዎች ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ተደጋግመው ይገኛሉ፤ በአንዱ ዛፍ 12 ጊዜ፣ በሌላው ምናልባት 17 ጊዜ። ጠቋሚ የምንለው እንዲህ ያለውን ስፍራ ነው። ይህ ቁራጭ ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ከተባዛ በኋላ፣ እንደ ረጋ ሙጫ ባለ ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲነዳ አጭሩ ቀድሞ፣ ረጅሙ ዘግይቶ ስለሚጓዝ፣ ልዩነቱ በመስመሮች አቀማመጥ ይታያል። እንደ አቮካዶ ባለ ተክል በአንድ ስፍራ ቢበዛ ሁለት ርዝመት ይገኛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ዝምድናን ለማወቅ ያስቻለው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ መንገድ የታወቀ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ካቤርኔ ሶቪኞን የተባለው ስመ ጥር የወይን ዝርያ የካቤርኔ ፍራንና የሶቪኞን ብላን ልጅ መሆኑ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በእነዚህ ጠቋሚዎች ነው። ጥቁር ፍሬና ነጭ ፍሬ ጥቁሩን ወልደዋል ብሎ በዓይን ማን ይገምት ነበር?

ጥያቄ፦ ጠቋሚዎቹ የማይለዩት ነገር የለም?

መልስ፦ አለ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ በድንገተኛ ለውጥ የተገኘ ዝርያ፣ ለምሳሌ ፒኖ ኑዋርና ፒኖ ብላን የተባሉት ጥቁርና ነጭ ወይኖች፣ በተለመዱት ጥቂት ጠቋሚዎች አንድ ሆኖ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሐስ አቮካዶ ለመትከል ስል አያቴ በዘር ያበቀሏቸውን ዛፎች ልቁረጥ?

መልስ፦ ሁሉንም እንዳይቆርጡ አጥብቄ እለምናለሁ። የዓለም የሐስ ዛፎች በሙሉ በካሊፎርኒያ ከበቀለች አንዲት ዛፍ በቀንበጥ የተባዙ በመሆናቸው፣ አንዱን የሚጥል በሽታ ሌላውንም ሊጥል ይችላል፤ ግሮ ሚሼል የተባለው ሙዝ በፓናማ በሽታ ከዓለም ገበያ የወጣው በዚህ ዓይነት መመሳሰል ነው። የአያትዎ ዛፎች ግን እያንዳንዳቸው ሌላ የትም የማይገኝ ቅልቅል ናቸው። መቁረጥ ግድ ከሆነም፣ አስቀድመው በአቅራቢያዎ ላለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያሳውቁ፤ ከየዛፉ ቅጠልና ቀንበጥ ለመውሰድ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል።