ሰፈሩ ገና አልለመደኝም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዲስ አበባ ተወልጄ ካናዳ ነው ያደግኩት። ከሁለት ወር በፊት እንግሊዝኛ ላስተምር ደቡብ ኮሪያ መጣሁ። ሱዎን የሚባል ከተማ ውስጥ፣ ሀግወን በሚሉት የግል ማስጠኛ ነው የምሠራው። ሥራው ደህና ነው፤ ልጆቹንም ወድጃቸዋለሁ። ሰፈሩ ግን አልሆነልኝም። ሊፍት ውስጥ ማንም ሰላም አይለኝም። ቆሻሻ ካወጣሁ በኋላ በማግስቱ ሳየው ከረጢቴ ወረቀት ተለጥፎበት እዚያው ቀርቷል። ባለፈው እሁድ ጠዋት ናፍቆቱ ሲጠናብኝ ቡና ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ዕጣን አጭሼ አፈላሁ። ማታ በሬ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በስልኬ አስተርጉሜ ሳነበው፣ እባክዎ እሁድ ጠዋት ወለሉን አይደብድቡ፣ ሕፃን ተኝቷል ይላል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጥቁር ስለሆንኩ ይሆን የጠሉኝ? ውሌን አፍርሼ ልመለስ?
አስተማሪዋ፣ ከሱዎን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ። ያቺ ወረቀት እኔም በር ላይ ተለጥፋ ታውቃለች። ዴጉ በምትባል የኮሪያ ከተማ አራት ዓመት ሳስተምር፣ በሦስተኛው ሳምንቴ፣ ማታ ከሥራ ገብቼ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለማስነሳ ነበር የተጻፈልኝ። ያኔ ልክ እንዳንቺ ነው የተሰማኝ። በኋላ ሳየው ግን ኮሪያዊው ለኮሪያዊም የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

አስቢው። እዚያ አገር አብዛኛው ሰው የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ያንቺ ወለል የሌላው ጣራ ነው፣ እና ከላይ የሚመጣ ድምፅ የጎረቤት ጠብ ዋና ምክንያት ከመሆኑ የተነሳ ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ቹንግጋን ሶኡም ይሉታል። መንግሥት በዴሲቤል መለኪያ አውጥቶለታል፤ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 6 በእነሱ ሰዓት ደግሞ መለኪያው የበለጠ ይጠብቃል። አንቺ እሁድ ጠዋት ሙቀጫ ወለል ላይ አስቀምጠሽ በዘነዘና ስትወቅጪ፣ ታች ያለችው እናት ጭንቅላቷ ላይ ነው የወቀጥሽው። የጻፈችልሽም በትህትና ነው። እባክዎ ብላለች እኮ።

ስለዚህ ቡናውን አትተዪው። በፍጹም። ሙቀጫውን ለጌጥ አስቀምጪውና የእጅ መፍጫ ግዢ። ቡናውን ስትቆዪ መስኮቱን ክፈቺ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ አብሪ፤ ዕጣኑንም ቀነስ አድርጊው፣ ጭስ ጠቋሚው ከጮኸ መላው ሕንፃ ነው የሚነቃው።

ከዚያ ታች ውረጂና በሩን አንኳኪ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። ኮሪያ ውስጥ አዲስ ቤት የገባ ሰው ለጎረቤት ቶክ የማከፋፈል የቆየ ልማድ አለ። ቶክ ከሩዝ የሚሠራ የሚጣፍጥ ነገር ነው፤ ለቤት መግቢያ የሚሆነው ቀይ አደንጓሬ የተነሰነሰበት ነው። ወጣቶቹ ዛሬ ብዙም አያደርጉትም፣ ግን ትርጉሙን የማያውቅ የለም። ሰፈርሽ ያለው ቶክ ቤት ገብተሽ ትንሽ ካርቶን ግዢ። በሁለት እጅሽ ስጪ፣ ጎንበስ በዪ። ይህን ማንም አያስተምርሽም፣ እናትሽ አስተምራሻለች። ችዌሶንግሃምኒዳ በያት፣ ይቅርታ ማለት ነው። ባትከፍትልሽ በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥለሽ አጭር ማስታወሻ ተዪላት።

ስለ ቆሻሻው። ይሄኛው ቀላል ነው ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይነግርሽም። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እዚያ አገር ቆሻሻ የሚጣለው በሚሸጥ ከረጢት ነው፤ የመጣያውን ዋጋ የምትከፍዪው ከረጢቱን ስትገዢ ነው ማለት ነው። ከረጢቱ የምትኖሪበት አካባቢ ስም ታትሞበታል። ከሌላ ከተማ ወይም ከሱፐርማርኬት በተረፈ ፌስታል ካወጣሽ አያነሱትም፣ ወረቀት ይለጥፉበታል። ቅጣትም አለው። ጆንግኒያንግጄ ቦንግቱ ብለሽ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ጠይቂ፣ ካሸሪው ከባንኮኒው ጀርባ አውጥቶ ይሰጥሻል። የምግብ ትራፊ ለብቻ ነው የሚጣለው፣ ምክንያቱም ለእንስሳት መኖና ለማዳበሪያ ይሄዳል። እንስሳ ሊበላው የማይችለው ነገር እዚያ አይገባም፤ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ እና አንቺን በተለይ የሚመለከትሽ የቡና አተላ፣ ወደ ተራው ከረጢት ነው የሚሄደው። ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ ጠርሙስ ተለይቶ ይወጣል፣ ቀኑን የሕንፃውን ጠባቂ ጠይቂው። ጠባቂውን ደግሞ ሁልጊዜ ሰላም በዪው። ዴጉ እያለሁ የተረፈውን ሁሉ ያስተማረኝ የኛ ሕንፃ ጠባቂ ነው፤ ከረጢቴን ፈትቶ አንድ በአንድ እያወጣ እያሳየኝ።

ሊፍቱ ውስጥ ያለው ዝምታ ላይ ልቆጣሽ ነው። ለኛ ሰው ሰላም አለማለት ንቀት ነው። እዚያ ግን የማያውቁትን ሰው ዝም ማለት ነውር የለውም፣ እርስ በርሳቸውም እንዲያ ናቸው። አንቺ ጀምሪ። ትንሽ ጎንበስ ብለሽ አንዮንግ ሃሴዮ በዪ፣ መልስ ሳትጠብቂ። ሁለት ሳምንት አድርጊው። አዛውንቶቹ ቀድመው ይመልሱልሻል። ከዚያ ዕድሜሽን ይጠይቁሻል፣ አትከፊ፤ ቋንቋቸው እንደኛ አንተና አንቱ የሚለይ ነውና በየትኛው እንደሚያናግሩሽ ለማወቅ ነው።

ደግሞ አንድ ቦታ ተመላለሺ። ሁልጊዜ አዲስ ካፌ አታሳድጂ። ሱዎን ያ ትልቁ የሃዋሰንግ ግንብ ያለባት ከተማ ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1794 እስከ 1796 የተሠራው፣ ዙሪያው ወደ 5.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅዳሜ በእግርሽ ዙሪው፣ ከዚያ በደቡብ በር በኩል ወዳለው ገበያ ውረጂ። አንዲት አትክልት ሻጭ ምረጪና በየሳምንቱ ከእሷ ግዢ። እኔ የነበረችኝ አያት የሚሆኑ ሴትዮ ነበሩ፤ ለአንድ ወር ቀና ብለው አላዩኝም፣ በአምስተኛው ሳምንት ያለ ምንም ቃል አንድ እፍኝ ቃሪያ ጨመሩልኝ። ምራቂ! እነሱ ሰርቢስ ይሉታል። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። ጥቁር ስለሆንኩ ይሆን ብለሻል። ወረቀቷ አይደለችም፣ ከረጢቱም አይደለም። ግን ምንም የለም ብዬ አልዋሽሽም። ባቡር ውስጥ ያፈጡብሻል። ልጆች ጸጉርሽን መንካት ይፈልጋሉ። አንዳንድ አከራይ ለውጭ ሰው አላከራይም ይላል፣ ማስጠኛ ውስጥ ነጭ አስተማሪ ብቻ የሚፈልግ ወላጅም አይጠፋም። እኔ ደርሶብኛል። ያመኛል፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ያ ሲገጥምሽ ሌሎች አስተማሪዎች ዘንድ ሄደሽ ተናገሪው፣ ለብቻሽ ይዘሽው ቤት አትግቢ።

ሌላም ጎን አለው። አገርሽን ሲጠይቁሽ ካናዳ ብቻ አትበዪ፣ ኢትዮጵያም በዪ። እ.ኤ.አ. በ1951 ቃኘው ሻለቃ እዚያ ደርሷል፣ በኮሪያ ጦርነት ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ተሰልፈዋል፣ ይህን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ፊታቸው ሲለወጥ ታዪዋለሽ። አንድ ቅዳሜ ሶል ወጥተሽ በባቡር ቹንቾን የምትባል ከተማ ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀው ሐውልት፣ በ2007 የተከፈተው የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽ፣ እዚያው አጠገብ ወንዙ ዳር ደግሞ ከ1968 ጀምሮ የኛን ቡና የሚያፈላ ቤት አለ። እዚያ ተቀምጬ ነው እኔ ውሌን ያደስኩት።

ስለዚህ አትመለሺ፣ ቢያንስ አሁን። ቪዛሽም ከአሠሪሽ ጋር የተሳሰረ ነው፣ ውል በንዴት አይፈርስም። ናፍቆት ሲመጣ አዲስ አበባ ደውዪ። ኮሪያ ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፣ የኛ ሰዓት አቆጣጠርም በ6 ይለያል፣ ስለዚህ ግድግዳሽ ላይ ያለው ሰዓት ማታ 9 ሲል አክስትሽ ቤት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ማስላት የለም። ቡናቸው ላይ ትደርሺባቸዋለሽ።

ጥያቄ፦ በየካቲት እኔም ደቡብ ኮሪያ ለማስተማር ልሄድ ነው። ቤት እንሰጥሃለን ብለውኛል። ምን ልጠይቅ?
ተጓዡ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመፈረምህ በፊት የራሱን የክፍሉን ፎቶ ጠይቅ፣ የሌላ ክፍል አይላኩልህ። ከትምህርት ቤቱ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሆነ ይንገሩህ። ግዋልሊቢ የሚባለውን ወርሃዊ የሕንፃ ክፍያ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይስፈር። ማሞቂያው ወለሉ ሥር ነው፣ የክረምት ጋዝ ሒሳቡ ይከብዳልና እሱንም ጠይቅ። በገባህ በ90 ቀን ውስጥ የነዋሪነት ካርድ ማውጣት ግዴታ ነው፣ ቤት ከቀየርክ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳያልፍ አድራሻህን አስመዝግብ። ግራ ከገባህ 1345 ደውል፣ የኢሚግሬሽን መስመር ነው፣ በእንግሊዝኛ ያናግሩሃል። የካቲት እዚያ ብርድ ነው፣ ወፍራም ካልሲ ያዝ፤ ቤትም አንዳንድ ምግብ ቤትም ጫማ ታወልቃለህ።