ፖስትፒል ወሰድኩ፤ ነፍስ አጥፍቻለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ኮንዶም ተቀደደብንና በማግስቱ ጠዋት ፖስትፒል የሚባለውን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ዋጥኩ። ጓደኛዬ ስነግራት «እሱ እኮ ማስወረድ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልቆረብኩም። የክኒኑ ባዶ ማሸጊያ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። ነፍስ አጥፍቻለሁ? ለንስሐ አባቴስ ምን ብዬ ልንገራቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ያንን ማሸጊያ ጣይው። ንስሐ ማስረጃ አይፈልግም።

ነፍስ አላጠፋሽም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ክኒኑ የሚሠራው ሥራ ሌላ ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን ፅንስ በግንኙነቱ ሰዓት ወዲያው የሚፈጠር ይመስለናል። አይደለም። የወንዱ ዘር በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ እንቁላሏ ግን ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ 1 ቀን ያህል ነው። ሌቮኖርጀስትሬል የሚባለው ይህ ክኒን እንቁላሏ እንዳትወጣ ወይም እንድትዘገይ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሁለቱ አይገናኙም። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች እምብዛም አይረዳም፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት ውሰጂ የሚባለውም ለዚህ ነው። እርግዝና ከተጀመረ ደግሞ አያቋርጠውም፣ ፅንሱንም አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ፅንስ የሚያቋርጡት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው፤ ጓደኛሽ ሁለቱን ቀላቅላቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል ትላለች። «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» (ኤር. 1፥5) የሚለውን እናነባለን፣ እኔም ከዚህ ላይ አንዲት ቃል አልቀንስም። ግን ያልተፀነሰን ፅንስ ገደልሽ ብሎ አንዲትን እናት ከሥጋ ወደሙ ማራቅ ትምህርት አይደለም። በዚህ በጣም አዝናለሁ። እንዳንቺ ያሉ እኅቶች ባልሠሩት ነገር ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከግንኙነት በኋላ በ5 ቀን ውስጥ በሐኪም ማኅፀን ውስጥ የሚገባ፣ ከመዳብ የተሠራ ሉፕ የሚባል መከላከያም አለ። ዋና ሥራው የወንዱን ዘር ማዳከም ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የዳበረች እንቁላል ማኅፀን ላይ እንዳትቀመጥ ሊያደርግ ይችላል። ያ ለሕሊናሽ የሚከብድ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው።

የወር አበባሽ መጥቶ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ካልመጣ ዛሬውኑ ተመርመሪ፤ ክኒኑን የወሰደች ሴት ከጠበቀችው ቀን በ1 ሳምንት ከዘገየባት መመርመር አለባት። ደግሞም ክኒኑ ለድንገተኛ ነው፣ እንደ ዘወትር መከላከያ አይያዝም። ከኤችአይቪም አይጠብቅም።

ይህን የምታነቢ ተደፍረሽ ከሆነ ደግሞ ለአንቺ የምለው ሌላ ነው። ኃጢአቱ የአንቺ አይደለም። መጽሐፍም በሜዳ ስለተደፈረችው ልጅ በደል የለባትም ይላል (ዘዳ. 22፥26)። ማንንም ሳትፈሪ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂጂ፤ የኤችአይቪ መከላከያውም በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሠራም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ መጨረሻ ልመለስ። ለንስሐ አባትሽ መንገር ያለብሽ ነገር አለ፣ እሱም የወሊድ መከላከያ ጉዳያችሁ ነው። ብዙ አባቶች የሚመክሩት መታቀብን ነው፤ ያውም ሐዋርያው እንዳለው በስምምነት (1ቆሮ. 7፥5)። የአንቺን ጤንነትና የቤታችሁን ሁኔታ ሰምተው የሚመክሩሽም፣ ቀኖና ካለም የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው፤ እኔ በጽሑፍ ልተካቸው አልችልም። ብቻሽን ግን አትሂጂ። ኮንዶሙ የተቀደደው በሁለታችሁ ላይ ነው፤ ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ለምን አንቺ ብቻ ትሸከሚው? ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂና «አባቴ፣ ስለ ወሊድ መከላከያ ልናማክርዎ መጣን፣ እኔም የሆነውን ልንገርዎ» በያቸው። የቀረውን እሳቸው ይጠይቁሻል።