የማታ ሕግ ልማር፤ የመሥሪያ ቤቴን የግዴታ ውል ልፈርም?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ሥራዬን ሳልለቅ በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ መማር እፈልጋለሁ። አለቃዬ ሐሳቡን ወዶት ድርጅቱ የትምህርት ክፍያዬን እንዲሸፍን አስፈቅዶልኛል። በምላሹ ከተመረቅሁ በኋላ አራት ዓመት እንዳገለግል፣ ቀድሜ ከለቀቅሁ ደግሞ የተከፈለልኝን እጥፍ እንድመልስ የሚል ውል ቀርቦልኛል። ዋስም አምጣ ተብያለሁ። ልፈርም? ለትምህርትና ለፈተናስ ፈቃድ የማግኘት መብት አለኝ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከፈቃዱ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትምህርት ይህን ያህል ቀን ፈቃድ ይሰጣል ብሎ አልደነገገም። አንቀጽ 83 ጉዳዩን ለኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ለሚዋዋሉት) ወይም ለሥራ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ ቀድመው ማየት ያለብዎት የድርጅታችሁን የሥራ ደንብ ነው። የሰው ሀብት ሠራተኛ ስለሆኑ ደንቡን ፍለጋ ሩቅ አይሄዱም፤ ምናልባት እርስዎ ራስዎ ነዎት ለሠራተኛው የሚያድሉት። ደንቡ ስለ ትምህርት ዝም ካለ የሚተርፍዎ የዓመት ፈቃድዎ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃዱ የሚሰጠው ድርጅቱ በሚያወጣው ፕሮግራም ስለሆነ የፈተና ሰሞን ሲደርስ መሯሯጥ አያዋጣም። ፕሮግራሙ ሲወጣ ቀኑን ያስይዙ።

ሰዓት ላይም ይጠንቀቁ። ትምህርቱ ከሥራ መውጫ በፊት የሚጀምር ከሆነ የአለቃዎ «ችግር የለም፣ ሂድ» አይበቃም። ነገ አለቃ ሊቀየር ይችላል። ቀደም ብለው እንዲወጡ መፈቀዱን በደብዳቤ ይያዙ። ማታ አምሽቶ ጠዋት ማርፈድም አለ። በጽሑፍ እየተሰጠዎት ያለውን ማስጠንቀቂያ አልፈው ያለበቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈዱ ሕጉ ቅድሚያ የስንብት ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው ለማሰናበት ይፈቅዳል። በሌላ በኩል ድርጅቱም «ዛሬ አምሹ» እያለ በየቀኑ ክፍል ሊያስቀርዎ አይችልም። የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት ባሉ ምክንያቶች ነው። ያም ሆኖ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም።

አሁን ወደ ውሉ። እንዲህ ያለ ውል ሕገ ወጥ አይደለም። ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን የመልቀቅ መብት አለው፤ ይህ መብት የግዴታ ውል ስለፈረሙ አይጠፋም። ማንም አስገድዶ ሊያሠራዎ አይችልም። ነገር ግን በነፃ አይለቁም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን መቀጫ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ የእርስዎ «እጥፍ» እንዲህ ያለ መቀጫ ነው። ድርጅቱ «ይህን ያህል ተጎድቻለሁ» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው መቀጫውን ሊጠይቅ ይችላል። «ፍርድ ቤት በዝቷል ብሎ ይቀንስልኛል» ብሎ መፈረም ትልቅ ስህተት ነው። ዳኛው መቀጫ ለመቀነስ ያለው ሥልጣን ጠባብ ነው፤ ዋናው በር ግዴታው በከፊል ተፈጽሟል የሚለው ነው። ውሉ የስንብት ክፍያዎንም ይነካል። አምስት ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው።

እኔ ብሆን ውሉን እንዳለ አልፈርመውም። ሙሉ በሙሉም አልጥለውም፤ አስተካክሉልኝ እላለሁ። «እጥፍ» የሚለው ወጥቶ ድርጅቱ በደረሰኝ የከፈለው ብቻ ይግባ። ካገለገሉት ጊዜ ጋር እየተሰላ እንዲቀንስም በግልጽ ይጻፍ፤ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ግማሹ ይቀርለታል። «ከተመረቅሁ በኋላ» የሚለውን ደግሞ በደንብ ያስቡት። የማታ ትምህርት ከቀኑ ይረዝማል። እየተማሩ የሚሠሩባቸው ዓመታት በሙሉ ካልተቆጠሩ አራት ዓመት የተባለው በተግባር ዐሥር ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ቢያንስ የተወሰነው ይቆጠርልኝ ብለው ይጠይቁ። ድርጅቱ ራሱ ቢቀንስዎ ወይም ቢዘጋስ? በዚህ ጊዜ ግዴታው ቀሪ እንደሚሆን ካልተጻፈ ክርክር መክፈት ነው። ታመው ወይም ወድቀው ቢያቋርጡ ምን እንደሚሆንም ይግባበት። ሌላም አለ፦ ድርጅቱ እንዲያገለግሉ ይፈልጋል፤ በምን መደብ? ተመርቀው እዚያው ሰው ሀብት ሊያስቀምጥዎ ይችላል። ነገረ ፈጅ መሆን ከፈለጉ ክፍት ቦታ ሲኖር ቅድሚያ እንዲሰጥዎ ያስጽፉ።

ዕዳው ከደመወዝ ይቆረጣል ከተባለም በጽሑፍ ተስማምተውም ቢሆን ከወር ደመወዝዎ አንድ ሦስተኛ በላይ መቁረጥ አይቻልም። ዋሱን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትናው ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ተጠቅሶ እንዲጻፍ ያዛል፤ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። ቁጥሩ ባዶ በተተወ ፎርም ላይ ወንድምዎን ወይም ጓደኛዎን አያስፈርሙ።

ትምህርት ቤቱንም ሳይመዘገቡ ያጣሩ። ተቋሙ በአጠቃላይ እውቅና አለው መባሉ አይበቃም። የሕግ ፕሮግራሙ፣ በዚያው ግቢና በማታው መርሐ ግብር፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። የመውጫ ፈተና እንዳለም አይርሱ። ዲግሪው ብቻውን ጠበቃ አያደርግም፤ የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቀመጡትን መስፈርቶች ላሟላ ነው።

ድርጅቱ ከነዚህ ነጥቦች አንዱንም አልነካም ካለና በየሴሚስተሩ ከኪስዎ መክፈል ከቻሉ፣ ራስዎ ከፍለው ይማሩ። አቅሙ ከሌለዎት ግን ቢያንስ «እጥፍ» የሚለው ሳይወጣ እንዳይፈርሙ።