ካርድ ክፍል ቢመልስሽም ከግቢው አትውጪ

ከዘጌ የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የሟች እህትሽን ልጅ ትኩሳት ይዞት በጀልባ ባሕር ዳር ሆስፒታል ድረስ አመጣሽው። ካርድ ክፍል ደግሞ «ወላጁ ይምጣ፣ ስሙም የጤና መድን ደብተሩ ላይ የለም» ብሎ መለሰሽ። እኔም የወንድሜን ልጅ ስለማሳድግ ይህን መስኮት በደንብ አውቀዋለሁ።

1. ካርድ አውጪ ሐኪም አይደለም። ልጁ ከባሰበት ቀጥታ ወደ ልየታ (በሽተኛው በሕመሙ ክብደት የሚለይበት ክፍል ነው) ወይም ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ይጠብቅ አይጠብቅ የሚለውን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። እኛ አገር ደግሞ ወባ አለ፤ ለሕፃን አንድ ሌሊት ብዙ ነው።

2. «አይቻልም» የሚልሽን ሰው ስሙን ጠይቂው፤ ምክንያቱንም ይጻፍልሽ። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው። ልጄ እቅፌ ላይ ይንቀጠቀጣል (ልጄ ነው የምለው)፣ ካርድ አውጪው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየን «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለኝ። አክስቱ ነኝ ስለው «በአክስት አይሆንም» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ወረፋው ሁሉ እየሰማ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። «እሺ፣ ያልከውን ጽፈህ ፈርምልኝ» አልኩት። ዝም አለ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት ቀስ ብላ የሜዲካል ዳይሬክተሩን ቢሮ ያሳየችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ገብቼ አልጮህኩም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናት ደህንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል፣ መንግሥት ለእጓለ ማውታ (ወላጅ ለሞቱበት ልጅ) ልዩ ጥበቃ ያደርጋል ይላል፣ አልኩ። ዳይሬክተሩ ተነስቶ ራሱ ወደ ሕፃናት ክፍል ወሰደን። ደሙ ታየ፣ መድኃኒት ተጀመረለት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ማንም አልናቀኝም።

3. ወረቀቱ ልጁ ሲሻለው ይደርሳል። ከቀበሌ ልጁ ካንቺ ጋር እንደሚኖር ደብዳቤ አጽፊ፤ በደብዳቤው የልጁን ስም መድን ደብተርሽ ላይ ለማስገባት ጠይቂ። ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማረጋገጫ ብታወጪ ደግሞ ኦፕሬሽን የሚያስፈርም ነገር ቢመጣ ማንም አያንገላታሽም። የልደት ምዝገባውንም እይው። ሕጉ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፤ ቢያልፍም የዘገየ ተብሎ ይመዘገባል። ወላጅ ከሌለ አሳዳጊ ማስመዝገብ ይችላል። ለክትባት ብር የሚጠይቅሽ ካለ ግን እንዳትከፍዪ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው።

ሪፈር ወረቀትም (ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክሽበትን) አትርሺ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ጤና ጣቢያውን ዘለሽ ሆስፒታል ከመጣሽ መድኑ ላይከፍልልሽ ይችላል።

ይህን ስታነቢ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ሌላውን ሁሉ ተይው። ዛሬውኑ እዚያው ዘጌ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ደሙ ይታይ።