ጁፒተር ጭራ ያወጣችው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ የመስታወቱ ስፋት 130፣ የትኩረት ርቀቱ 650 ሚሊ ሜትር የሆነ አንጸባራቂ ቴሌስኮፕ አምጥቶልኛል። ጨረቃን ደህና ያሳየኛል፤ ጁፒተርን በከፍተኛ ማጉያ ስመለከት ግን በአንድ ጎኗ ጭራ አውጥታ ትደበዝዛለች። ቤቴ ውስጥ ላስተካክለው እችላለሁ? መመሪያው በሰሜን ኮከብ ሞክር ይላል፤ ኮከቡን ግን ከግቢዬ ፈልጌ አላገኘሁትም።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይችላሉ። ቴሌስኮፕዎ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 በሠራው ዓይነት የተሠራ ነው፤ ከቱቦው ግርጌ ያለው ጎድጓዳ መስታወት ብርሃኑን ይሰበስባል፣ በ45 ዲግሪ የተጋደመው ትንሹ ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ ወደ ዓይን ሌንሱ ይመልሰዋል። የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚገናኝበት ነጥብ ያለው ርቀት፣ ለስፋቱ ሲካፈል 5 ስለሚሆን ምስሉ በትክክል የሚጠራበት ክልል 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ውጤቱ 8 ቢሆን ኖሮ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ይሰፋ ነበር። በሻንጣ የተንገላታ መስታወት ጥቂት ሲዛነፍ ይህ ጠባብ ክልል ከመሃል ይሸሻል፤ ጭራው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሥራውን በቀን ብርሃን ይጀምሩ፤ ካቻቢቴ ቢያመልጥዎ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ ቱቦውን አጋድሙት። የዓይን ሌንሱ በሚገባበት አንገት ላይ ያለውን የአቧራ ክዳን ልክ መሃሉ ላይ በስተው በውስጠኛው ገጹ ነጭ ወረቀት ቢለጥፉበት፣ ቀዳዳው በመስታወቱ ውስጥ እንደ ጥቁር ነጥብ ጎልቶ ይታይዎታል። በቀዳዳው እያዩ በመጀመሪያ የትንሹን መስታወት ሦስት ብሎኖች፣ አንዱን እያላሉ ሌላውን እያጠበቁ፣ ትልቁ መስታወት ሙሉ ክብ ሆኖ እስኪታይ ያስተካክሉ። ቀጥሎ የትልቁን መስታወት መቆለፊያ ብሎኖች አላልተው፣ በሞላ የተደገፉትን ሦስቱን ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ በመስታወቱ መሃል ያለውን ምልክት ከጥቁሩ ነጥብ ጋር ያገናኙ። ከኋላ ሆኖ የሚያዞርልዎ ሰው ቢኖር ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል።

የትንሹ መስታወት ጥላ በጥቂቱ ወደ ትልቁ መስታወት አቅጣጫ ያጋደለ ቢመስል አይደንግጡ፤ በእንዲህ ዓይነት አጭር ቴሌስኮፕ ላይ ተገቢው ቦታው ያ ነው፣ እሱን መሃል ለማድረግ ብሎ ጥሩውን የሚያበላሽ ብዙ ነው። የምስሉን ጥራት በዋናነት የሚወስነው ትልቁ መስታወት በመሆኑ ጊዜዎን እዚያ ላይ ያጥፉ። የሌዘር መሣሪያ ለመግዛት ካሰቡ፣ አንገቱ ውስጥ ሲሽከረከር ነጥቡ ቦታውን የሚቀይር ከሆነ መሣሪያው ራሱ የተዛነፈ መሆኑን ልብ ይበሉ።

የሰሜን ኮከብን በተመለከተ መመሪያው የተጻፈው ለሰሜን አገሮች ነው። የኮከቡ ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ካለው ርቀት በዲግሪ) ጋር እኩል ለመሆን ምንም ያህል ስለማይቀረው በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ዛፍ፣ ቤት ወይም ጭጋግ ይጋርደዋል። ጥቅሙም ከቦታው አለመነቃነቁ ብቻ ነውና በምትኩ ከአናትዎ አካባቢ ያለ ደማቅ ኮከብ ይምረጡ። ቴሌስኮፑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ውጭ አቆይተው በከፍተኛ ማጉያ የትኩረት ማስተካከያውን አዙረው ኮከቡን ጥቂት ያደብዝዙት፤ በሚታዩት ቀለበቶች ውስጥ ያለው የትንሹ መስታወት ጥላ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ፣ ቀለበቶቹ እስኪስተካከሉ ድረስ ኮከቡን በእይታው ውስጥ ያንቀሳቅሱትና ቱቦውን ሳይነኩ በትልቁ መስታወት ብሎኖች ወደ መሃል ይመልሱት። ቀለበቶቹ የሚርገበገቡ ከሆነ ግን ችግሩ የአየሩ ስለሆነ ብሎኖቹን አይንኩ፤ ሌላ ሌሊት ይሞክሩ።